የአንድ ወንዝ ልጆች

አሜሪካ ሲባል በእኛ ሰው አፍ ላይ ቶሎ የሚመጡት ከተሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኒውዮርክ በፎቋ፣ ዋሽንግተን ዲሲ በሐበሻዋ፣ ሎስ አንጀለስ በፊልሟ፣ ላስ ቬጋስ በቁማሯ። ሌላው ሁሉ «እዚያ አካባቢ» ነው። ፒትስበርግ፣ ሲንሲናቲ፣ ሉዊቪል ቢሉት ብዙው ሰው «እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?» ይላል። አይፈረድበትም። የአገሩ ሰዎችም ቢሆኑ እነዚህን መካከለኛ ከተሞች ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል አይተው ማለፍ ይቀናቸዋል።

ይሁን እንጂ አሜሪካኖች ከተማ እንዴት እንደሚሠሩ፣ እንዴት እንደሚያፈርሱና ካፈረሱ በኋላ እንዴት እንደሚቆጫቸው ማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ኒውዮርክ ባይሄድ ይሻለዋል። ኒውዮርክ የሀብታም ቤት ናት፤ ጥፋቷ በትርፏ ይሸፈንላታል። መካከለኛ ከተማ ግን የደመወዝተኛ ቤት ናት፤ ያለቦታዋ የወጣች ብር ወሩ እስኪያልቅ ታስታውቃለች። ስለዚህ ዛሬ የማነሳው ሦስቱን ነው። የመረጥኳቸውም ያለምክንያት አይደለም፤ ሦስቱም የአንድ ወንዝ ልጆች ናቸው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ወንዙ ኦሃዮ ነው። አሌጌኒ እና ሞኖንጋሂላ የተባሉ ሁለት ወንዞች ፒትስበርግ መሐል ላይ ሲገናኙ ይወለዳል። ከዚያ ሲንሲናቲን፣ ቀጥሎም ሉዊቪልን እየታከከ ወደ 1,580 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሚሲሲፒ ውስጥ ይገባል። ቻርለስ ዲክንስ በ1842 የ30 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ይህንኑ ውኃ በእንፋሎት መርከብ ወርዶታል። ስለ ፒትስበርግ ሲጽፍ ነዋሪዎቿ ከእንግሊዟ በርሚንግሃም ጋር እንደሚያመሳስሏት ነገረን፤ ጭሷንም አልረሳም። ሲንሲናቲ ደስ አሰኘችው። በሉዊቪል ጋልት ሃውስ በሚባል ሆቴል አደረና የሚያቆየኝ ነገር የለም ብሎ መንገዱን ቀጠለ። መካከለኛ ከተማን አድሮ ማለፍ እንግዲህ የቆየ ልማድ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ከተሞች ለምን ተቆረቆሩ? ፒትስበርግ የሁለት ወንዞች መገናኛ በመሆኗ መጀመሪያ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ምሽግ እየሠሩ ተጣሉባት፤ ኋላ የድንጋይ ከሰልና የአረብ ብረት አገር ሆነች። ሲንሲናቲ አሳማ እያረደች፣ ሥጋውን በጨው እያሸገች በወንዙ ስትልክ ከበረች። ለእኛ አንባቢ ቅር ሊለው ይችላል፤ ግን በ1850 ከአሜሪካ ከተሞች 6ኛዋ ትልቅ ከተማ ያደረጋት ይኸው ንግድ ነው። ሉዊቪል ደግሞ የተወለደችው ከእንቅፋት ነው። ወንዙ እዚያ ላይ በድንጋያማ ፏፏቴ ስለሚቆራረጥ መርከብ ሁሉ ቆሞ ጭነቱን ማራገፍ ነበረበት። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ላይ ደግሞ መጋዘን፣ ሆቴልና ደላላ አይጠፋም።

ኦሃዮ ሌላም ታሪክ አለው። ከፔንሲልቬንያ ከወጣ በኋላ በባርነትና በነጻነት መካከል ድንበር ነበር። በስተ ደቡብ፣ ሉዊቪል ያለችበት ኬንታኪ፣ ሰው ይሸጥ ይለወጥ ነበር፤ በስተ ሰሜን፣ ሲንሲናቲ ያለችበት ኦሃዮ፣ አይቻልም። የ«አጎት ቶም ጎጆ» ደራሲ ሃሪየት ቢቸር ስቶ ከ1832 እስከ 1850 የኖረችው በሲንሲናቲ ነው። የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» የተነሣበት እውነተኛ ታሪክም በ1856 ክረምት በረዶ የሆነውን ወንዝ ተሻግራ ሲንሲናቲ ከገባች አንዲት እናት የመጣ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ከተማ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ጻፈላት?» ብሎ ነውና፣ ይህ ወንዝ ጸሐፊ አላጣም። ከባርነት አምልጠው የመጡት፣ ኋላም ከደቡብ ሥራ ፍለጋ የፈለሱት ጥቁሮች በየከተሞቹ መሐል፣ ከገበያው አጠገብ ሰፈሩ። በፒትስበርግ ሂል ዲስትሪክት፣ በሲንሲናቲ ዌስት ኤንድ፣ በሉዊቪል ዋልነት ጎዳና። እነዚህን ሦስት ስሞች ልብ በሉልኝ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ መሐል ከተሞች ሁሉ አንድ በሽታ ያዛቸው። መኪና ያለው ሰው ወደ ዳር ወጣ፤ ሱቁም ተከተለው። መድኃኒት ተብሎ የመጣው ግን ከበሽታው የባሰ ሆነ። በ1949 የወጣው የቤቶች ሕግ የተጎሳቆለ ሰፈር ለማንሣት ከሚወጣው የተጣራ ወጪ ሁለት ሦስተኛውን የፌዴራሉ መንግሥት እንዲሸፍን ፈቀደ። የ1956ቱ የአውራ ጎዳና ሕግ ደግሞ ከታላላቆቹ መንገዶች ወጪ 90 በመቶውን ከዋሽንግተን አመጣ። እስቲ አስቡት። አንድ ከንቲባ «አድስ» ሲባል ከኪሱ የሚያወጣው ብዙ ነው፣ «አፍርስ» ሲባል ግን ሌላ ሰው ይከፍልለታል። ምን ይመርጣል?

በፒትስበርግ እንጀምር፤ መጀመሪያም እውነቱን እንናገርላት። ከተማዋ በ1940ዎቹ በጭስ ታፍና በቀትር የመንገድ መብራት ይበራባት ነበር። ከንቲባ ዴቪድ ሎውረንስና ባለ ባንኩ ሪቻርድ ኪንግ ሜለን ተባብረው አየሩን አጸዱ። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ጫፍ የባቡር ግቢና የመጋዘን ጥርቅም ነበር። እሱን አንሥተው መናፈሻ ጀመሩ፤ በ1974 ተጠናቀቀ። ይህ መፍረስ ያለበት ነገር ፈርሶ የተገኘ ሀብት ነው።

በዚያው እጅ ግን የሂል ዲስትሪክት የታችኛው ክፍል ተመነገለ። ወደ 38 ሄክታር መሬት፣ 8,000 ያህል ነዋሪዎች፣ 400 ያህል ንግድ ቤቶች። በምትኩ ጣራው የሚከፈትና የሚዘጋ ትልቅ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ፤ ዙሪያው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። የቀሩት ነዋሪዎች ከዚህ ወዲያ ማልማት የለም የሚል ሰሌዳ መንገድ ዳር ተከሉ፤ ቀሪውን ሰፈር ለማዳንም ጠቀማቸው። አዳራሹስ? 50 ዓመት አገልግሎ በ2011 እና 2012 እሱም ፈረሰ። የሰፈሩን ነፍስ ያተረፈው የዚያው ሰፈር ልጅ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ኦገስት ዊልሰን ነው። ከ10 ታላላቅ ተውኔቶቹ 9ኙ የሚፈጸሙት በሂል ነው። «ቱ ትሬንስ ረኒንግ» በተባለው ውስጥ ከተማው ሊያፈርስበት ያለ የአንድ ምግብ ቤት ባለቤት «ዋጋዬን ካልከፈላችሁኝ» ብሎ ይሟገታል። ያ ሰው ልብ ወለድ ነው፤ ክርክሩ ግን ልብ ወለድ አይደለም።

ወንዙን ተከትለን ስንወርድ ሲንሲናቲ የባሰውን እናያለን። ዌስት ኤንድ ውስጥ ኬንየን ባር ተብሎ ከተሰየመው ክልል ከ25 ሺህ በላይ ሰው ተነሣ፤ አብዛኛው ጥቁር ነው። የከተማው አስተዳደር ከማፍረሱ በፊት ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ በሰው እያስያዘ ሕንጻዎቹን ፎቶግራፍ አነሣቸው። ፎቶግራፎቹ ዛሬም አሉ። በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሴቶች፣ የፀጉር ማስተካከያ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ካሜራውን አፍጥጠው የሚያዩ ልጆች ይታያሉ። ጉስቁልና የሚል ቃል የተለጠፈበት ኑሮ ይህ ነበር። ዛሬ ቦታው መጋዘንና ፈጣን መንገድ ነው። የሚጎበኘው ሰው የለም።

ጎብኚ የሚጎርፈው ከዚያ ብዙም በማይርቀው ኦቨር ዘ ራይን ነው። ጀርመኖች የሠሩት፣ ቢራ ጠማቂዎች የከበሩበት ሰፈር ነው። ከመሐል ከተማው የሚለየውን የመርከብ ቦይ በአገራቸው ወንዝ «ራይን» ብለው ስለጠሩት ሰፈሩ «ከራይን ማዶ» ተባለ። ቦዩ ኋላ ደረቀና በውስጡ የምድር ባቡር ሊሠሩ በ1920 ጀመሩ፤ ገንዘብ አለቀባቸው። ዋሻው ዛሬም መንገዱ ሥር አለ፤ አንድ ተሳፋሪ ሳይጭን ቀርቷል። ጀርመኖቹ ሲወጡ ድሆች ገቡ። ያን ሰፈር ያተረፈው የማንም ጥበብ አይደለም፤ የሚያፈርሰውም የሚያድሰውም ገንዘብ ዘወር ብሎ ስላላየው ነው። በ2000 ነዋሪው ከ8,000 በታች ወርዶ፣ በ2001 ደግሞ ፖሊስ አንድ መሣሪያ ያልያዘ ጥቁር ወጣት ገድሎ ሰፈሩ በብጥብጥ ነደደ። ከ2003 ወዲህ የከተማው ኩባንያዎች ያቋቋሙት ድርጅት ሕንጻዎቹን እየገዛ አደሳቸው። ዛሬ ከ1855 ጀምሮ የቆመውን የፊንድሌይ ገበያን ይዞ በመላ አሜሪካ ካሉት ያማሩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰፈሮች አንዱ ነው። ኪራዩም አብሮ አምሯል፤ በክፉው ቀን የኖሩበት ብዙዎቹ በደጉ ቀን አልተገኙም።

ሉዊቪል ላይ ነገሩ ሁሉ በአንድ መንገድ መገናኛ ላይ ይጠቃለላል፤ አራተኛ ጎዳናና ዋልነት በሚገናኙበት። መጋቢት 1958 ቶማስ ሜርተን የተባለው መነኩሴና ጸሐፊ ለጉዳይ ከገዳሙ መጥቶ እዚያ ማዕዘን ላይ ቆመ። ገበያተኛውን ሲያይ እነዚህ ሁሉ ወገኖቼ ናቸው፣ ባዕድ የለኝም የሚል ስሜት በድንገት ወረደበትና ጻፈው። በ1961 በዚያው በአራተኛ ጎዳና ጥቁር ወጣቶች ምግብ ቤትና ሲኒማ ቤት እንግባ ብለው በመሰለፋቸው በመቶዎች ታሰሩ። ከእነሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የከተማዋ ልጅ ካሲየስ ክሌይ ከሮም ኦሎምፒክ በቦክስ ወርቅ ይዞ ተመልሶ ነበር። የእኛ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈበት ያው ኦሎምፒክ ነው። አበበን አዲስ አበባ በሆታ ተቀበለችው። ሉዊቪልም ክሌይን በሰልፍ ተቀበለችው፤ ግን እሱ እንደተረከው አንድ የመሐል ከተማ ምግብ ቤት አላስተናግድም አለው፣ ሜዳልያውንም ኦሃዮ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ጠፍቶበት ነው የሚሉም አሉ። ሜዳልያው ያከራክር እንጂ ጥቁር የማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች መኖራቸው አያከራክርም፤ ከተማዋ ያንን በሕግ የከለከለችው በ1963 ነው።

ዋልነትስ ምን ሆነ? ምዕራባዊው ክፍሉ የጥቁሮች ቲያትር ቤት፣ የመድን ድርጅት፣ የሙዚቃ ቤት ያለበት ነበር። በመልሶ ማልማት ስም አብዛኛው ተጠረገ። ከዚያ በኋላ፣ በ1978፣ ጎዳናው «መሐመድ አሊ» ተብሎ ተሰየመ። ስሙ ለሰውየው ተሰጠ፤ መንገዱ ግን የእሱ ሰዎች መንገድ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ ሦስቱን እናወዳድር ከተባለ፣ ለእይታ ፒትስበርግን የሚያህል የለም። ከ1870 ጀምሮ ገደሉን በሚወጣው የሽቦ ባቡር ሆኖ ወንዞቹ ሲጋጠሙ ማየት ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። በእግር ለመንሸራሸር ሲንሲናቲ ትበልጣለች። ለዕረፍት ሉዊቪል፤ በዋናው ጎዳና ላይ የተደረደሩት ከብረት የተቀረጹ የፎቅ ፊቶች፣ በ2013 ለእግረኛ የተከፈተው አሮጌው የባቡር ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ የሚያመሽ ቤተሰብ።

ነገር ግን ዝርዝሩን መለስ ብላችሁ እዩት። የሽቦ ባቡሩ፣ የጀርመኖቹ ሰፈር፣ የብረት ፎቆቹ፣ የባቡር ድልድዩ። ከፒትስበርጉ መናፈሻ በቀር ሰው ዛሬ አገር አቋርጦ የሚመጣላቸው ነገሮች የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መሐንዲሶች የተከሏቸው አይደሉም፤ ሳያፈርሷቸው የቀሩ ናቸው። ያፈረሱት ቦታ ላይ የቆመው አዳራሽ ግማሽ ምዕት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ከተማ ያረጀ ሕንጻ በማቆየት ብቻ ግን አይድንም፤ ኦቨር ዘ ራይን ግንቡን አትርፎ ሰዉን በትኗል። ሁለቱን አንድ ላይ ያተረፈ ከተማ በዚህ ወንዝ ዳር አላገኘሁም።

«መልሶ ማልማት» የሚለው ቃል ለእኛም ጆሮ አዲስ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ጥያቄው እዚህም ተነሥቷል፤ ስለ ፎቁ ቁመትና ስለ መንገዱ ስፋት ብዙ ተባለ፣ የተነሡት ሰዎች ጉርብትና፣ ዕቁብና ዕድር የት እንደደረሰ ግን የሚቆጥር እምብዛም አልታየም። የኦሃዮ ከተሞች ሒሳቡን ሳይሠሩ ቀሩ፤ ሒሳቡ ግን አልቀረላቸውም። ፒትስበርግ በ2021 ሂል ዲስትሪክትን ከመሐል ከተማው በቆረጠው ፈጣን መንገድ ላይ ክዳን አልብሳ ትንሽ መናፈሻ ሠራችበት፤ ሰዉ በእግሩ ወደ ገበያው እንዲወርድ። ከ70 ዓመት በፊት ሰዉ በእግሩ ወደ ገበያው ይወርድ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ምንም አያስከፍልም ነበር።