ቻው ያው ዩ

በካንቶንኛ ቃል በቃል «ስኩዊድ መጥበስ» ነው፤ በሆንግ ኮንግ አነጋገር ግን ሠራተኛን ማባረር ማለት ነው። ዝርግ የነበረው የስኩዊድ ሥጋ የጋለ መጥበሻ ሲነካው ተጠቅልሎ እንደ ጥቅል ምንጣፍ ይሆናል። ዱሮ የሱቅና የምግብ ቤት ተቀጣሪ የራሱን መኝታ ይዞ እዚያው አሠሪው ቤት ያድር ነበር። የተሰናበተ ቀን መኝታውን ጠቅልሎ ይወጣል፤ አባባሉም ከዚያ መጣ ይባላል።

ዛሬ ስኩዊዱ እየተተወ «ቻው» ብቻውን ይበቃል፤ «ተጠበሰ» ከተባለ ሰውዬው ሥራ ፈቷል። ሠራተኛውም በተራው አለቃውን «መጥበስ» ይችላል፦ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቀቀ ማለት ነው። በአራዳ ቋንቋ «አለቃዬን ጠበስኳት» የሚል አዲስ አበቤ ግን የሚያወራው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።