የወጥ ቤት ቃልና ተርጓሚው

ፒያሳ በኢጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ስለዚህ ምኒልክ አደባባይንና ፒያሳን አያይዞ የሚጠራ የአራዳ ሰው አንዱን ቃል በሁለት ቋንቋ ይደግመዋል። በዚህ ሰፈር የባዕድ ቃል ወደ አማርኛ የገባው በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በገበያና በማዕድ በኩል ነበር።

እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ አካባቢ ያስከፈቱት ሆቴል በአገራችን የመጀመሪያው ሲሆን፣ የውጭ አገር እንግዳና የአገር ቤት ወጥ ሠሪ ከሚገናኙባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ደግሞ የኢጣልያን ምግብ ይበልጥ ተስፋፋ። ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ሱጎና ፎርኖ ነገሩ ከነስሙ ስለ መጣ ተርጓሚ አላሻቸውም።

አስቸጋሪው ከአማርኛ ወደ ውጭ ቋንቋ መተርጐሙ ነው። የእንጀራን እርሾ ከፋብሪካ እርሾ ጋር አንድ አድርጎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ያሳስታል፤ የእኛው እርሾ ከቀድሞው ቡሆ ላይ የሚቀር ቢጫ ፈሳሽ ነውና። አብሲትም ገንፎ አይደለም፤ ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ከበሰለ በኋላ ወደ ቡሆው የሚመለስና እንጀራውን ዓይናማ የሚያደርግ ነው። ሽንኩርቱ በዝግታ እየተማሰለ መልኩ እስኪለወጥ የሚቁላላውንም «መጥበስ» ብሎ ማለፍ ወጡን ማበላሸት ነው።

የአንድ ግሥ ትርጉም ምን ያህል እንደሚከብድ ሐውልታቸው በአደባባዩ የቆመው ዐፄ ምኒልክ በሚገባ ያውቁት ነበር። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ፣ ከሌሎች ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው የአማርኛው ቅጂ ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጠቡም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አደረሰ። ከዚህ የምንረዳው፣ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አንብቦ የሚያመዛዝን፣ ቋንቋውንም ጉዳዩንም የሚያውቅ ሰው የግድ እንደሚያስፈልግ ነው።

በምግብ ጽሑፍ ረገድ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ ከቋንቋ ዐዋቂው አጠገብ ወጥ የምታውቅ ሴት ልትቀመጥ ይገባል። እፍኝና ቁንጥር ስንት ግራም እንደሚመዝኑ መለካቱም የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ወጥ አሳምራ የምትሠራን ሴት «ባለሙያ» ይላታል፤ እኛም በማኅበራችን የምንጠራው በዚሁ ስም ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። በእነዚያ ጓዳዎች ሙያ የተማሩትን እናቶች ፈልጎ ቃላቸውን ከነልኩ መመዝገብ ከማናቸውም የትርጉም ሥራ በፊት መቅደም ያለበት ነው።