የንቅሳት ቁስልና የፕላስተሩ ታሪክ

  

በዛሬው ዝግጅታችን የምናወጋው ስለ ንቅሳት ነው። መነቀስ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለእናንተ፣ ለቤተሰቦቻችሁና ለሃይማኖት አባቶቻችሁ እንተወዋለን። የእኛ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቆዳው ከተወጋ በኋላ ቁስሉ በምን ይሸፈን፣ እንዴትስ ይያዝ የሚለው ነው። አንዳንድ ወጣቶች ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚመጣ፣ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ተጣባቂ ፕላስተር በአዲስ ንቅሳት ላይ ይለጥፋሉ። "ሁለተኛ ቆዳ" ይሉታል። እሱን ያጣ ደግሞ የዕቃ ማሸጊያ ስኮች ወይም ከፌስታል የተቀደደ ላስቲክ ይለጥፋል። ለዓይን ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ለቁስሉ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ ታሪኩን ማየት ይበጃል።

ከራሳችን እንጀምር። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ ወይም በትግራይ ገጠር ያደገ ሰው ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ዙሪያ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት ያላት እናት ወይም አያት አያጣም። ድዳቸውን የተነቀሱም ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ፣ ሌሎቹ ድዳቸው መድማቱን እንዲተው ብለው ያደረጉት ነው። ነቃሿ እሾህ ወይም በክር የታሰሩ ጥቂት መርፌዎች ትይዛለች። ከኩራዝ ወይም ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ትለውሳለች። ከዚያም እየወጋች ውሁዱን ታሽበታለች። ጥላሸት ሲባል የምትስቁ ልጆች ካላችሁ፣ ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው ጥቁር የንቅሳት ቀለምም በአብዛኛው መሠረቱ ያው ካርቦን መሆኑን እወቁ። እናቶቻችን በቀለሙ አልተሳሳቱም። ችግሩ በዚያው መርፌ ተራ በተራ የሚነቀሱት የሰፈሩ ልጃገረዶች ብዛት ነበር።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከሞተ 5300 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው በገላው ላይ 61 የንቅሳት ምልክቶች ተቆጥረውበታል። እነሱም የጥላሸት ናቸው። በላይኛው ግብፅ ገበሌን ከሚባል ቦታ የተገኙና ዕድሜያቸው 5000 ዓመት የሚጠጋ ሁለት አስከሬኖችም ንቅሳት እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆኗል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የንቅሳት መሣሪያ ደግሞ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ እ.ኤ.አ. በ1891 በስሙ አስመዘገበ። መነሻ የሆነው ኤዲሰን የሠራው የኤሌክትሪክ ብዕር ነበር። መሣሪያው ሥራውን አፈጠነው እንጂ ቁስሉን ቁስል ከመሆን አላዳነውም።

አዎን፣ ንቅሳት ቁስል ነው! መርፌው የላይኛውን ስስ የቆዳ ሽፋን አልፎ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ይገባል። ቀለሙ እዚያ ሲደርስ ማክሮፋጅ የሚባሉ፣ ባዕድ ነገር የሚውጡ የሰውነት ህዋሳት ይውጡታል። ነገር ግን ሊፈጩት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 በማርሴይ የሚገኙ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ እንዳሳዩት፣ ህዋሱ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም አዲስ የመጣው ህዋስ መልሶ ይውጠዋል። የአያታችሁ መስቀል ስልሳ ዓመት ሙሉ በግንባራቸው የቆየው በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ከላይ ያለው የተቀደደ ቆዳ ግን ለመገጠም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። እኛን የሚያሳስበን ይህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የትኛውም ፕላስተር በቆሸሸ መርፌ የገባን በሽታ አያወጣም። የሄፐታይተስ ቢ ቫይረስ፣ ማለትም ጉበትን የሚያቆስለው ተሕዋስ፣ በደረቀ ደም ውስጥ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ኤች.አይ.ቪ.ና ሄፐታይተስ ሲም በጋራ መርፌ ይተላለፋሉ። ስለዚህ መርፌው አዲስና ከነማሸጊያው የመጣ፣ ዓይናችሁ እያየም የተከፈተ መሆን አለበት። ቀለሙም ለእናንተ ብቻ በትንሽ ዕቃ ይቀዳ። "ቀቅዬዋለሁ" የሚል መልስ አይበቃም።

ወደ ቁስሉ ሽፋን እንመለስ። በአገራችን ለቃጠሎም፣ ለቁስልም፣ ለግርዛትም ቶሎ የሚታሰበው ቅቤ ነው። ማርም አለ። ከ3500 ዓመት በላይ የሆነው የግብፃውያን የሕክምና ጽሑፍ ቁስል በመጀመሪያው ቀን በትኩስ ሥጋ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በስብ፣ በማርና በተልባ እግር ክር እንዲታሰር ያዛል። ከእነዚህ መካከል ማር እስካሁን ክብሩን አልተነጠቀም። ለሕክምና ተብሎ የተጣራና ተሕዋስ የተገደለበት ማር ዛሬም በሆስፒታሎች ለቁስል ያገለግላል። የገበያው ማር ግን ሰም፣ አቧራና የተለያየ ተሕዋስ ስላለበት ከዚያ ጋር አይቆጠርም። ቅቤው ደግሞ የከፋ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል። በአዲስ ቁስል ላይ ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት መቀባት በሽታውን በእጅ እንደ መትከል ነው። የሕፃናትን እትብት ቅቤ አትቀቡ ተብሎ በጤና ጣቢያ የሚነገራችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ጆሴፍ ሊስተር የተባለው ሐኪም በስኮትላንድ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ በማጠብ ብዙ ሕይወት አዳነ። ተሕዋስ በዓይን ሳይታይ ቁስልን እንደሚያመረቅዝ ዓለም ቀስ በቀስ ተቀበለ። ከዚህም ሌላ እምነት በረታ፤ ቁስል ነፋስ ይምታው፣ ይድረቅ፣ ቅርፊት ያውጣ ተባለ። እኛም ያደግነው በዚሁ ምክር ነው። "አትሸፍነው፣ ይተንፍስ" ያላለን ማን አለ?

ሁላችንም የምናውቀው ተራው ፕላስተር የመጣው በወጥ ቤት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በተባለው ኩባንያ የጥጥ ግዢ ሠራተኛ የነበረው ኧርል ዲክሰን ባለቤቱ ጆሴፊን ምግብ ስትሠራ ጣቷን ደጋግማ እየቆረጠች ስታስቸግረው፣ በሚያጣብቅ ጨርቅ ላይ በየርቀቱ ጎዝ እየደረደረ አዘጋጀላት። እሷም ብቻዋን እየቆረጠች ትለጥፈው ጀመር። ኩባንያው በዓመቱ ባንድ ኤይድ ብሎ ለገበያ አወጣው። ለጣት ቁስል እስከ ዛሬ የሚተካከለው የለም። ለንቅሳት ግን አይሆንም። ቁስሉ ሰፊ ነው፤ ጎዙም ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር ይደርቅና ሲነሳ አዲሱን ቆዳና ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአሳማ ነው። ይህን ስንል ፊታችሁን እንዳታዞሩ፤ የአሳማ ቆዳ ከሰው ቆዳ ጋር ስለሚመሳሰል ነው የተመረጠው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በአሳማዎች ላይ ጥልቀት የሌላቸው ቁስሎች አበጅቶ ከፊሎቹን በስስ ላስቲክ ሸፈነ፣ ከፊሎቹን ለአየር ተወ። የተሸፈኑትና እርጥበታቸው የተጠበቀላቸው ቁስሎች አዲስ ቆዳ የለበሱት በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት በሰው ላይ የተደረገ ሙከራም ይህንኑ አረጋገጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲሶቹ የቆዳ ህዋሳት ከቁስሉ ዳር ተነስተው ወደ መካከል ይጓዛሉ። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ይንሸራተታሉ፤ ደርቆ ቅርፊት ካወጣ ግን ከቅርፊቱ ሥር እየቆፈሩ ለማለፍ ይገደዳሉ። ዘመናት የኖረው "ይድረቅ" የሚለው ምክር በአሳማ ጀርባ ላይ ወደቀ!

ከዚህ በኋላ ፋብሪካዎች ተነሱ። የእንግሊዙ ስሚዝ ኤንድ ኔፊው በ1970ዎቹ ኦፕሳይትን፣ የአሜሪካው ስሪ ኤም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቴጋደርምን አወጡ። ሁለቱም ፖሊዩረቴን ከሚባል ስስ ነገር የተሠሩ ናቸው። ውሃና ተሕዋስ ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ አየር ግን ያሳልፋሉ፣ ከቆዳ የሚወጣውንም እንፋሎት ያስወጣሉ። ሆስፒታል የተኛ ሰው በእጁ ላይ ግሉኮስ የሚገባበትን ቦታ የሚሸፍነውን ግልጽ ፕላስተር አይቶት ይሆናል፤ እሱ ነው። ነቃሾች ከሐኪሞች ወስደው ለንቅሳት ማዋል ያዘወተሩት ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ነው። ስኮችና ፌስታል ግን እንፋሎት አያስወጡም። ከሥራቸው ላብ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይበሰብሳል፣ ተሕዋስም ሞቅ ያለ ቤት ያገኛል።

እውነተኛው ፕላስተር በእጃችሁ ካለ አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ንቅሳቱም ሽታ በሌለው ሳሙናና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል። ፕላስተሩ ከንቅሳቱ ዳር በሁሉም በኩል ሁለት ጣት ያህል አልፎ ጤነኛ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ቅባት ከሥሩ አይቀባም፤ አይዝምና። በመጀመሪያው ቀን ደም፣ ውሃና ቀለም የተቀላቀለበት ጥቁር ፈሳሽ ከሥሩ ይጠራቀማል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ደንግጠው መግል ነው ይላሉ፤ መግል አይደለም። ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ይነሳል፣ ቁስሉ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ሁለተኛው ተለጥፎ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን ከዚህ ካነሰ የተጻፈውን ተከተሉ። ዳሩ ከተከፈተና ፈሳሹ ከወጣ ግን ቀኑን አትጠብቁ፤ ውሃና አቧራ በገባበት ቀዳዳ ተሕዋስም ይገባል። ሲነሳ ወደ ላይ አይነጨቅም። ለብ ባለ ውሃ እያራሳችሁ ከቆዳው ጋር አስተኝታችሁ ወደ ጎን ብትስቡት በራሱ ይለቃል። በፕላስተሩ ቅርጽ ልክ የቀላና የሚያሳክክ ቆዳ ካያችሁ ማጣበቂያው አልተስማማችሁም ማለት ነውና ሁለተኛ አትለጥፉ።

ፕላስተሩ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? በዚህ ከተማ ውሃ በባርሜል እየተገዛ "ደጋግማችሁ ታጠቡ" ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ግን ለአንድ ጊዜ ይበቃል። በቀን ሁለት ጊዜ በሳሙና ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳያሹ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ የሌላ ሰው ጣት ካልገባበት ዕቃ ቫዝሊን እጅግ በስሱ መቀባት ነው። ሽፋኑ ተቀቅሎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ የተተኮሰ ነጠላ ጨርቅ ይሁን። ይህን ጥበብ ከጎረቤቶቻችሁም ልትጠይቁ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሀርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ሸሽተው በሀርተ ሼክና በሌሎች ካምፖች ኖረዋል። ሀርተ ሼክ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዛሬ በአጠገባችሁ ሱቅ ያላት እናት ያኔ ፋሻ አጥታ ጨርቅ ስትቀቅል የነበረች ልትሆን ትችላለች።

ስለ ጎረቤቶቻችን ካነሳን ሂናም አለ። በሀርጌሳ ሴቶች የሚያጌጡት በመርፌ ሳይሆን በሂና ነው፤ የእኛም ልጆች ለሠርግና ለዒድ ይቀባሉ። ቡኒ ወይም ቀላ ያለ ቀለም የሚሰጠው ቅጠሉ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በጥቂት ደቂቃ ጥቁር የሚሆነው "ጥቁር ሂና" ግን ፒ.ፒ.ዲ. የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመርበታል። ቆዳን በሥዕሉ መስመር ልክ አሳብጦ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። አንዴ ያስቆጣው ሰው ከዓመታት በኋላም ፀጉሩን ሲቀባ ፊቱ ሊያብጥ ይችላል። በዚህ ላይ ተጣባቂ ፕላስተር አይለጠፍም፤ ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል።

ትንሽ መቅላትና ማበጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያለ ነው። ከዚያ በኋላ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ሕመሙ ከትናንት ዛሬ ከባሰ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ ከቁስሉ ተነስቶ ወደ ብብት ወይም ወደ ጉያ የሚሄድ ቀይ መስመር ከታየ፣ ወይም ትኩሳት ከያዛችሁ ፕላስተሩን አንሱና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ። መንጋጋ አልከፈት ካለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አትደሩ። ስንሄድ ይቆጡናል፣ ያፍሩብናል ብላችሁ የምትቀሩ አላችሁ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ መቼ እንደተነቀሳችሁና የቴታነስ ክትባት መቼ እንደወሰዳችሁ ነው። እርጉዝ ሳላችሁ የተከተባችሁበት ካርድ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

ድድን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። በአፍ ውስጥ የሚጣበቅ ፕላስተር የለም፤ ምራቅ አያስይዘውም። የሚደማ ድድም በመነቀስ አይድንም፤ ደሙ የሚመጣው በአብዛኛው በጥርስ ሥር ከሚጋገረው ቆሻሻ ነው፤ ጥላሸቱ ደግሞ ድዱን ስለሚያጠቁረው መቅላቱ እንዳይታይ ያደርጋል። እናቶቻችን የተነቀሱት ድድ ምንም ማድረግ አያስፈልገውም። አሁን የሚደማ ግን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በመፋቂያ ጠዋትና ማታ ሥሩን ቀስ ብሎ ማጽዳት፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣ በሁለት ሳምንት ካልተሻለው የጥርስ ሐኪም ማየት ነው።