የራቁት ጭፈራ ቤቶች ሕግ

የራቁት ጭፈራ ቤቶች ሕግ ማለት ጨፋሪዎች በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ራቁታቸውን ሆነው ለአዋቂ ታዳሚ በሚጨፍሩባቸው ቤቶች ላይ አገሮች፣ ክፍላተ ግዛቶችና ከተሞች የሚያወጡት ደንብ ነው። ደንቡ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ዋናው የልዩነት ምክንያት ሥራው የሚታይበት መንገድ ነው፦ ሐሳብን መግለጫ፣ ፈቃድ የሚያስፈልገው ንግድ ወይም ብዝበዛ ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

አሜሪካ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራቁት ጭፈራ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ጥበቃ በተወሰነ ደረጃ እንደሚመለከተው ተቀብሏል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1991 «ባርንስ እና ግሌን ቲያትር» በተባለው ክርክር፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ኢንዲያና በአደባባይ ራቁት መሆንን የሚከለክለው ሕጓ በጭፈራ ቤቶችም ላይ እንዲጸና ፈቀደ። በዚህም ጨፋሪዎቹ ቢያንስ የጡት ጫፍና ኀፍረተ ሥጋ መሸፈን ግዴታቸው ሆነ። ኦሪገን ግን የተለየች ናት። የኒሳ ከተማ ራቁት ጨፋሪ ከደንበኛ ቢያንስ 4 ጫማ (1.2 ሜትር ገደማ) እንዲርቅ ያወጣችውን ደንብ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሽሯል፤ ምክንያቱም የኦሪገን ሕገ መንግሥት ለሐሳብ ነጻነት ሰፋ ያለ ጥበቃ ይሰጣል።

ብሪታንያ

በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ ለየአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን ሰጠ። ፈቃዱ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። ምክር ቤቱ ለአንድ አካባቢ የሚፈቀደውን ቁጥር ዜሮ ማድረግም ይችላል። በ12 ወራት ውስጥ ከ11 ጊዜ ያልበለጠ ዝግጅት የሚያቀርብ ቤት ግን፣ በዝግጅቶቹ መካከል ቢያንስ የአንድ ወር ልዩነት ካለ፣ ፈቃድ አያስፈልገውም። በስኮትላንድ የኤድንብራ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ቁጥሩን ዜሮ ሲያደርግ የቤቶቹ ባለቤቶችና የጨፋሪዎች የሠራተኛ ማኅበር ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤትም በ2023 ውሳኔውን ሕገ ወጥ አለው።

አይስላንድ

የአይስላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀጣሪዎች ከሠራተኞቻቸው ራቁትነት ትርፍ እንዳያገኙ ከለከለ። የክልከላው መነሻ ሃይማኖት ሳይሆን የሴቶች እኩልነት ነበር።

የሠራተኞች መብት

ብዙ ጨፋሪዎች ደመወዝ አያገኙም፤ ይልቁንም ለመሥራት ራሳቸው ለቤቱ ይከፍላሉ። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ በዚህ ክፍያ ላይ ጣሪያ አስቀመጠ፤ ቤቶቹም ጨፋሪ ከደንበኛ ጋር ብቻዋን በምትሆንበት ስፍራ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ቁልፍ እንዲተክሉ አስገደደ። ከዚህ ቀደም የነበሩት ደንቦች በአብዛኛው ትኩረታቸው በአለባበስ፣ በርቀትና በቦታ ላይ ሲሆን፣ ይህኛው ግን የጨፋሪዋን ደኅንነትና ገቢ ያስቀድማል።