የአቤ ሐይቅ ማማዎችና አንድ ጠብታ ሎሚ

በአፋር ክልል፣ አፋምቦ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የጨዎችን ሟሟነት ሳስረዳ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ የአቤ ሐይቅ ድንጋይ ይቀናኛል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ የገመሪንና የአፋምቦን ሐይቆች አልፎ፣ ባሕር ሳያይ የሚያልቀው እዚያ፣ የጅቡቲ ድንበር ላይ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይህንኑ መጨረሻ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1933 ተነስቶ፣ ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ፣ በ1934 ደርሶበታል። አፋሮቹማ ድሮውንም ያውቁት ነበር።

በሐይቁ ዳር፣ ይበልጡን በጅቡቲ በኩል፣ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር የሚደርሱ የድንጋይ ማማዎች ቆመዋል። የሚያያቸው ሁሉ እሳተ ገሞራ የተፋቸው ይመስለዋል። ከስባሪያቸው ላይ ሎሚ ጠብ ሲደረግ ግን ድንጋዩ ሽሽ ብሎ አረፋ ያወጣል። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ያው ሎሚ ምንም አያደርግም። ማማዎቹ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም እሱው ነው።

ካልሲየም ካርቦኔት በንጹህ ውሃ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። አሲድ ሲጨመር የአሲዱ ሃይድሮጅን የሟሟውን ካርቦኔት እየያዘ ወደ ባይካርቦኔት፣ ከዚያም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ አረፋው ይኸው ነው። የጎደለውን ለመተካት ድንጋዩ ይበልጥ ይሟሟል። ተማሪዎቼ ታዲያ «አሲድ ጨውን ሁሉ ያሟሟል» ብለው ይደመድማሉ። ጂፕሰም (ካልሲየም ሰልፌት) ላይ ሎሚ ሲያደርጉ ግን ካርቦኔት ስለሌለው አረፋ አያዩም፤ አሲዱም እምብዛም አያሟሟውም፣ ሰልፌት ሃይድሮጅን የመያዝ ዝንባሌው ደካማ ነውና።

አቤ የሎሚ ተቃራኒ ነው። ፒኤቹ ወደ 10 ይጠጋል፣ ውሃው ካርቦኔት የሞላበት ነው። ካልሲየም ያዘለ ፍል ውሃ ከሥሩ ወጥቶ ሐይቁን ሲያገኝ ካልሲየሙ ሟሙቶ መቆየት አይችልም። ምንጩ አፍ ላይ ይጋገራል፣ እየተደራረበም ሽቅብ ያድጋል። እንግዲህ ማማው ያደገው ውሃ ውስጥ ነው፤ ጫፉም ሐይቁ ቢያንስ እስከዚያ ደርሶ እንደነበር ይነግረናል።

ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ፍራንሷዝ ጋስ የሐይቁን ዝቃጭ አጥንታ፣ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ውሃው ከዛሬው 160 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደነበር አሳይታለች። ከዚያ ወዲያ የሸሸው ዝናብ ስላጠረ ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የተንዳሆን ጨምሮ የአዋሽ መስኖ እርሻዎች ውሃውን መንገድ ላይ ይጠልፉታል።

ልታዩት ብትሄዱ ሎሚውን የወደቀ ስባሪ ላይ ሞክሩ፤ የቆመውን ግን አትንኩ፣ አትስበሩ። ውሃው ካልተመለሰ በቀር ምትክ አይበቅልለትም።