የአባልነት ደጃፍ፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበራት አዲስ አባል በምን መስፈርት ይመርጣሉ?



አንድን ተቋም በቅጡ ለማወቅ የሚሻ የታሪክ ተመራማሪ መተዳደሪያ ደንቡን ብቻ ሳይሆን በሩን ለማን እንደከፈተም መመርመር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በዚህ ዐይን የምመለከተው «ቢግ ቴን» የተሰኘውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩን የፀነሱት አሠልጣኞች ሳይሆኑ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ናቸው። በ1895 ቺካጎ ላይ ተሰብስበው፣ በውድድር የሚሳተፈው በትክክል የተመዘገበና በትምህርቱ ያልደከመ ተማሪ ብቻ እንዲሆን መከሩ። በ1896 ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበሩን በይፋ መሠረቱ። ኢንዲያናና አዮዋ በ1899፣ ኦሃዮ ስቴት በ1912 ታከሉ፤ ሁሉም በባቡር የሚደራረሱ የመካከለኛው ምዕራብ ጎረቤቶች ነበሩ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1946 ሲወጣ የጎደለው ቦታ በ1949 በሚሺጋን ስቴት ተሞላ።

ይህን ሥርዓት ያናጋው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። እስከ 1984 ድረስ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታዎችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የሚቆጣጠረው ኤንሲኤኤ የተባለው ብሔራዊ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ቁጥጥሩ ፀረ ሞኖፖሊ ሕግን እንደሚጥስ በየነ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎችና ማኅበራቶቻቸው የሥርጭት መብታቸውን ራሳቸው መሸጥ ቻሉ፤ የአንድ እጩ ዋጋም ይዞት በሚመጣው ተመልካች መለካት ጀመረ።

ፔን ስቴት በ1990 ገባ። በ2014 የገቡት ሜሪላንድና ራትገርስ በፉትቦል ኃያላን አልነበሩም፤ ይሁን እንጂ አንዱ ለዋሽንግተን፣ ሌላው ለኒው ዮርክ ቅርብ ነው፤ ማኅበሩም ከ2007 ጀምሮ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበረው።

የአካዳሚ መስፈርቱስ ጠፋ? ፈጽሞ አልጠፋም። ለረጅም ጊዜ እጩዎች ታላላቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎችን ያቀፈው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር አባላት እንዲሆኑ ይጠበቅ ነበር። ኔብራስካም በ2010 ሲመረጥ አባል ነበር። በ2011 የምርምር ማኅበሩ በድምፅ አሰናበተው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ቢግ ቴንን ሲቀላቀል ግን የከለከለው አልነበረም። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ መስፈርቱ እጩን ለማጣራት ቢያገለግልም ከገበያው ጋር ሲጋጭ እንደሚያፈገፍግ ነው።

በ2024 ዩሲኤልኤ፣ ዩኤስሲ፣ ኦሬገንና ዋሽንግተን ከፓሲፊክ ዳርቻ መጥተው አባላቱን 18 አደረሷቸው። ከሎስ አንጀለስ እስከ ራትገርስ ያለው ርቀት ከ3,800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የለቀቁት ፓክ-12 የተባለው ማኅበር ሥሩ ከ1915 የሚመዘዝ ቢሆንም፣ ከአሥራ ሁለቱ አባላቱ የቀሩት ኦሬገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ነበሩ። የሁለቱ ጥፋት በትምህርት መድከም አይደለም፤ የሚገኙባቸው ከተሞች ትንንሽ መሆናቸው ነው።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በድርድሩ ጠረጴዛ ፕሬዚዳንቶች፣ ኮሚሽነሮችና የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ተወክለዋል። ውሳኔው በፉትቦል ገቢ ይመዘናል፤ ሸክሙን ግን በሳምንቱ መካከል የሚጓዙት የመረብ ኳስና የእግር ኳስ ተማሪዎችም ይካፈሉታል። የ1895ቱ ፕሬዚዳንቶች የጠየቁት «ተጫዋቹ በእርግጥ ተማሪ ነውን?» ብለው ነበር። የዛሬዎቹ አዲስ አባል ሲመርጡ መጠየቅ ያለባቸው፣ «ይህ ውሳኔ ተማሪ ሆኖ ለመቆየት ጊዜ ይተውለታልን?» የሚለውን ነው።