የ2001 ዓ.ም. የዘፈን መዝገቤ

ተማሪ ሳለሁ በየዓመቱ መጨረሻ የወደድኋቸውን ዐሥር ዘፈኖች በደብተር ላይ በተራ እመዘግብ ነበር። ሰሞኑን የ2001 ዓ.ም.ን ገጽ ብገልጥ በአንደኛው መሥመር የነበረው ስም ተፍቆ በላዩ «ጥላሁን ገሠሠ» ተብሎ ተጽፏል።

ጥላሁን በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን፥ በትንሣኤ ዕለት ዐረፈ፤ ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን የሚሰማው የእርሱ ድምፅ ብቻ ሆነ። ያስቀደምሁት ዘፈን ግን የዓመቱ አልነበረም፤ በ1950ዎቹ፥ ጥላሁን በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሲያገለግል የተዘፈነ ነው። ይህን የመሰለ መዝገብ ለታሪክ ጸሓፊ ይጠቅማል ቢባል ሐሰት አይደለም፤ የሚመሰክረው ግን ስለ ዓመቱ ዘፈን ሳይሆን ስለ ዓመቱ ኀዘን ነው።

የተፋቀችው የመጀመሪያ አልበሟን ያወጣች አንዲት ወጣት ነበረች። ዜማዋ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ስሟን ግን ገጹን ወደ ብርሃን አቅንቼ ብመለከት ከመጀመሪያው ፊደል በቀር አልተነበበልኝም።